ሰርግ ነው የሄድኩት፤ ሰርጉ አለቀ፣ መጣሁ!

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ሁለት ወራት ውስጥ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ጠየቀኝ፣ የሰፈራችን ባለሱቅ ጠየቀኝ፣ መምህራን ማረፊያ ሻይ እየጠጣን ተጠየቅኩ፣ ኧረ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ተጠየቅኩ። «ምን አስመለሰህ?» አንዳንዱ በቀልድ አድርጎ ነው፣ አንዳንዱ ከልቡ አዝኖልኝ ነው። አንዱማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያዙህ እንዴ?» አለኝ፤ የተባረርኩ መስሎት። ፊት ለፊት «ሞኝ ነህ» ያለኝም አለ። እሱን ቢያንስ ለግልጽነቱ አመሰግነዋለሁ።

ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ መመለስ ሰለቸኝ። ስለዚህ እዚሁ አንዴ ልጻፈውና ይገላግለኝ። መልሱ አጭር ነው። ሰርግ ነው የሄድኩት፤ ሰርጉ አለቀ፤ መጣሁ። ይሄ መልስ አልበቃ ስላለ ግን፣ ጥያቄው ራሱ ለምን እንዳናደደኝ ላስረዳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን አብሮ አደጌ ከዓመታት በፊት ዲቪ ደርሶት ሄደ። ባለፈው ክረምት ሊያገባ ሆነና ደወለ። «ሚዜዬ አንተ ካልሆንክ ማን ሊሆን ነው?» አለኝ። ሰርጉ የተቆረጠው ሐምሌ ውስጥ፣ የሰኔ ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ነው። ለእኔም ትምህርት ቤት የተዘጋበት ጊዜ ነው። የመጥሪያ ደብዳቤውን ራሱ ጽፎ ፈረመበት። ቲኬቱንም የቆረጠው እሱ ነው። በመምህር ደመወዝ ያንን ቲኬት መቁረጥ እንደማይታሰብ ሁላችሁም ስለምታውቁ አልደብቃችሁም።

ከዚያ ቪዛ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ አንቀጽ 214 ንዑስ «ለ» የሚባል ነገር አለው። ለጉብኝት ቪዛ የሚያመለክት ሰው፣ ተቃራኒውን ለቆንስላው እስኪያሳምን ድረስ ለመቅረት እንደሚሄድ ሰው ይቆጠራል ይላል። ፍርድ ቤት ስትቀርብ ንጹህ ነህ ተብለህ ነው የምትጀምረው። መስኮቱ ጋ ግን የምትጀምረው ተጠርጥረህ ነው፣ ማስረዳቱ ያንተ ፈንታ ነው። ለዚህች ለጥቂት ደቂቃ ማስረዳት ደግሞ 185 ዶላር ትከፍላለህ፤ ቪዛውን አገኘህም አላገኘህም ገንዘቡ አይመለስም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ላይ ብር በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት ባንክ አንዱን ዶላር ወደ 57 ብር ሲመነዝር፣ ያ ክፍያ አስር ሺህ ብር ትንሽ ያልፍ ነበር። ዶላሩ መቶ ብርን ካለፈ በኋላ ምን ያህል እንደሚሆን እናንተው አስሉት።

እኔ መስኮቱ ጋ የተናገርኩት ይሄን ነው። «የጓደኛዬ ሰርግ ነው፤ ሚዜ ነኝ። መምህር ነኝ፤ መስከረም ላይ ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል።» በቃ። ሌላ ያስረዳሁት ነገር የለም። ባንክ ውስጥ ገንዘብ የለኝም፣ ቤት የለኝም፣ መኪና የለኝም። ያለኝ «መስከረም ላይ» የምትለዋ ቃል ብቻ ነበረች፣ እሷን አምነው ቪዛ ሰጡኝ።

የእነሱ ሕግ ይጠረጥረኛል፤ እሺ፣ አገራቸው ነው፣ ሕጋቸው ነው። እኔን ያንገበገበኝ የእኛው ሰው ነው። መስኮቱ ጋ የቆመው ሰውዬ ትቀራለህ ብሎ ጠረጠረኝ፣ ስነግረው ግን አመነኝ። ወገኔ ግን ትቀራለህ ብሎ ጠረጠረኝ፣ ስመለስ ደግሞ ተናደደብኝ! ያደረግኩት እኮ የተናገርኩትን ነው። ሰው የተናገረውን ስላደረገ ሞኝ የሚባልበት አገር ላይ ምን ብዬ ነው ልጆች የማስተምረው?

ጥርጣሬው የሚጀምረው ገና ሳትሄድ ነው። መሄዴ እንደተሰማ የቤት አከራዬ «ክፍሏን ለሰው ላሳያት?» አሉኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወንበሬንና ቁም ሳጥኔን «ቅድሚያ ለእኔ» ብሎ ተመዘገበ። ጎረቤት በርበሬና ሽሮ አድርስልኝ ብሎ ሲያመጣ «መቼም ተመልሰህ አትጠይቀንም» እያለ ነው። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ግማሹ የሰው አደራ። አደራውን ሲሰጡኝ አምነውኛል ማለት ነው። በርበሬ ለማድረስ የታመንኩ ሰው «ተመልሼ እመጣለሁ» ስል ለምን አልታመንም?

አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት አንዲት እናት ነበሩ። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ቦርሳቸው ውስጥ ቆሎና በሶ ይዘው፣ ልጃቸው ልትወልድ ስለሆነ አራስ ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት። መንገዱ ረጅም ነው። ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ሲመለስ ግን የዋሽንግተኑ ኤርፖርት ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይገባል። የፊዚክስ ተማሪዎች ይሄን ልብ በሉልኝ! አውሮፕላኑ እንኳን ከመሄድ መመለስ ይቀለዋል።

እና እኚህ እናት ነዳጅ እስኪቀዳ ቆመን ሳለ «አንተስ ልጄ፣ ለዘለቄታው ነው?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ለሰርግ ነው፤ እመለሳለሁ» አልኳቸው። ሳቁ። «እሱማ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አሉኝ፣ ጉልበቴን መታ መታ እያደረጉ። አልተቀየምኳቸውም። ከዚያ ግን እሳቸው ራሳቸው ለመስቀል ቤታቸው መግባት እንዳለባቸው፣ ማኅበር እንዳለባቸው፣ ከብቶቻቸውን ለማን አደራ ሰጥተው እንደመጡ ሲያጫውቱኝ አመሹ። እሳቸው ለመመለሳቸው ምክንያት ያላቸው ሰው ናቸው። የእኔ ክፍል ውስጥ የሚጠብቁኝ ተማሪዎች ግን ምክንያት ሆነው አልታዩም።

ሰርጉ አካባቢማ የባሰ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሀበሻ የሞላበት አገር ነው። ገና እንኳን ደህና መጣህ ብለው ሳይጨርሱ ምክር ተጀመረ። «ስድስት ወር ነው የሰጡህ? ገና ምን ያስቸኩልሃል!» «እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ፣ ኬዝ አሳምሮ የሚጽፍ።» «በዲፕሎማ እዚያ ምን ልትሆን ነው?» አንዱ እንዲያውም በምን ልጠይቅ እንደምችል ዘርዝሮ አዘጋጅቶልኛል። ታስሬ ነበር ልል ነው፣ ተደብድቤ ነበር ልል ነው፣ ብመለስ ይገድሉኛል ልል ነው።

እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። እኔ አልታሰርኩም። አገራችን ውስጥ በእውነት የታሰረ፣ በእውነት የተደበደበ፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ሌሊት በእግሩ ድንበር የተሻገረ ሰው አለ። ጥገኝነት የሚባለው ነገር የተሠራው ለእሱ ነው። እኔ የእሱን ጠባሳ ተውሼ፣ የእሱን እስር የራሴ አስመስዬ ወረፋው ላይ ብቆም የምሠርቀው አሜሪካንን አይደለም፣ እሱን ነው። ሐሰተኛው ኬዝ በበዛ ቁጥር ዳኛው እውነተኛውንም በጥርጣሬ ዓይን ያያል። ይሄን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም፣ በዲፕሎማም ይገባል።

«አንተ ሀብታም ነህ እንዴ ታዲያ?» የምትሉኝ አላችሁ። አይደለሁም! ወሩ በገባ በ15ኛው ቀን ኪሴ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የሰፈራችን ባለሱቅ ነው። የቤት ኪራይ፣ የዘይት ዋጋ፣ የታክሲ ወረፋ እኔም ጋ አለ። የመምህር ደመወዝ ያሳፍራል፤ ያፈርኩት ግን እኔ አይደለሁም፣ ማፈር ያለበት ሌላ ነው። አገር ወዳድ ነኝ ብዬም ደረቴን አልነፋም። መመለስ ጀግንነት ነው አላልኩም። መሄድም ወንጀል ነው አላልኩም። በዲቪ የሄደ፣ በስኮላርሺፕ የሄደ፣ በሥራ ውል የሄደ፣ በትዳር የሄደ፣ ነፍሱን ለማትረፍ የሸሸ፣ ሁሉንም አከብራለሁ። ጓደኛዬ ራሱ በዲቪ ነው የሄደው። ነገ እኔም በስሜ፣ በትክክለኛው በር ዕድል ቢመጣልኝ ቁጭ ብዬ አስብበታለሁ። የእኔ ጠብ የሰውን ሰርግ እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ ከመጠቀም ጋር ነው። ከዚያም በላይ ያልተጠቀመውን ሰው ሞኝ ከሚለው አፍ ጋር ነው።

ምክንያቱም ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። መጀመሪያ የሚከፍለው ደጋሹ ነው። ደብዳቤው ላይ የፈረመው እሱ ነው፣ «ይመለሳል» ያለው እሱ ነው። የሠርጉን ቀን የሚያስታውሰው በሙሽራዋ ሊሆን ሲገባ «ያ ጥሎን የጠፋው ሚዜ» እያለ ሊሆን ነው? ቀጥሎ የሚከፍለው ነገ መስኮቱ ጋ የሚቆመው ነው። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት ቪዛቸው አልቆ የቀሩ ሰዎችን በየአገሩ ቆጥሮ በየጊዜው ሪፖርት ያወጣል። ያ ቁጥር ወረቀት ላይ አይቀርም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም ለማላዊና ለዛምቢያ ዜጎች የጉብኝት ቪዛ ከ5000 እስከ 15000 ዶላር ማስያዣ መጠየቅ ተጀመረ፤ የተሰጠው ምክንያት ቪዛ አልቆባቸው የሚቀሩት በዝተዋል የሚል ነው። በእኛም ላይ ከዚያ ቀደም ብሎ በሐምሌ ወር፣ አብዛኛው የጉብኝትና መሰል ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግልና ሦስት ወር የሚቆይ ተደርጓል። ውሳኔዎቹ ትክክል ናቸው እያልኩ አይደለም። በማያውቁት ሰው ጥፋት ሌላውን መቅጣት ግፍ ነው። ግን ግፉ ማን ላይ እንደሚያርፍ እዩ። እዚያ ቀርቶ የሚሠራው ሰው ላይ አይደለም፤ አራስ ሊጠይቁ፣ ምርቃት ሊያዩ፣ ልጃቸውን ሊቀብሩ የሚሰለፉት እናትና አባት ላይ ነው።

ይሄን ስል ከአየር ላይ አይደለም የማወራው። የጓደኛዬ እናት ለልጃቸው ሰርግ አልተገኙም። ቪዛ አላገኙም። በእጃቸው እያጎረሱ ያሳደጉኝ ሴት ናቸው፤ ትምህርት ቤት ስንውል ምሳችን ከአንድ ሳህን ነበር። ልጃቸው ሲሞሸር በስልክ ነው ያዩት፣ ለዚያውም ኔትወርኩ እየተቆራረጠ። አዳራሹ ውስጥ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ከልጅነቱ ቤት የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጉልበት ሲስም የእናቱ ቦታ ባዶ ነበር። «ምን አስመለሰህ» የምትሉኝ ሰዎች፣ ያ ባዶ ቦታ ከየት እንደመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያ ቦታ ለምን ባዶ እንደሆነ እርግጡን አላውቅም። ሊሞሉት ይችሉ የነበሩትን ሌሎች እናቶች ግን እኔ ከመንገድ አላወጣቸውም።

ሌላው ደግሞ እዚያ «ቅር» ሲለኝ ከነበረው ሰው ያየሁት ነው። ከሰርጉ በኋላ ሌሊት በመኪና ሲያደርሰኝ ወሬው ሌላ ሆነ። ቀን አንድ ሥራ፣ ማታ ሌላ ሥራ። እናቱን ካየ 9 ዓመት አልፎታል፣ ወረቀቱ ስላልተጨረሰ ቢወጣ አይገባም። አባቱ ሲያርፉ ለቅሶ የተቀመጠው እዚያው አፓርታማው ውስጥ ነው። ይሄን ነግሮኝ ሲያበቃ «ግን ቅር» አለኝ! አልፈረድኩበትም። ሰው የከፈለውን ዋጋ ልክ ነበር ለማለት ሌላውም እንዲከፍለው ይፈልጋል መሰለኝ። ዲያስፖራ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እወዳችኋለሁ፣ ያስተናገዳችሁኝ መስተንግዶ አይረሳኝም። ግን እንግዳ ሲመጣባችሁ መጀመሪያ እንግዳ አድርጋችሁ ተቀበሉት። «እመለሳለሁ» ሲላችሁ ዋሽቷል ብላችሁ አትጀምሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው። እንደመጣሁ ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ተመልሰህ መጣህ የሚሉት እውነት ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ «እኔ ብሆን አልመለስም ነበር። ታዲያ እኛ ለምንድን ነው የምንማረው?» አለኝ። ይሄ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሰነፍ አይደለም። ግን እሱ ያደገው በ2015 ዓ.ም 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸውን እየሰማ ነው። ከመቶ ልጅ ከ90 በላዩ «አልሆነልህም» ተብሎ የሚወጣበት ክፍል ውስጥ የቀረው ተስፋ ቦሌ ብቻ መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም። ግን ያንን ክፍል ባዶ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የመምህሩ ወንበር ነው። መስከረም ላይ መምህር ጠፋ ማለት ወዲያው ሌላ ይተካል ማለት አይደለም። ስንቴ አይተናል፤ ክፍለ ጊዜው በጨዋታ ያልፋል፣ ምዕራፉ ሳይነካ ፈተናው ይደርሳል፣ ከዚያ ልጁ «ሰነፍ» ይባላል።

እና ለዚያ ልጅ የመለስኩለትን ለሁላችሁም እዚህ ልድገመው። የምትማረው ቪዛ ለማግኘት አይደለም፣ ቪዛ ለመከልከልም አይደለም። የምትማረው ስትናገር የምትታመን ሰው ለመሆን ጭምር ነው። መሄድ ከፈለግክ ሂድ፣ አመልክት፣ ተወዳደር፣ ቋንቋህን አሻሽል፤ የድጋፍ ደብዳቤ ካስፈለገህ እኔ እጽፍልሃለሁ። ግን «ልሄድ ነው» ብለህ ሂድ። «ልመጣ ነው» ብለህ አትቅር። እኔ መስከረም ላይ እመጣለሁ ብዬ ባልመጣ ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ ፈተና ላይ አትኮርጁ የምላችሁ በየትኛው አፌ ነው? ኩረጃም እኮ ሁሉም ያደርገዋል፣ ያላደረገው ሞኝ ነው ተብሎ ነው የተጀመረው።

ለወዳጆቼ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሁለት ወር ሙሉ «ምን አስመለሰህ» አላችሁኝ። «ሰርጉ እንዴት ነበር?» ያለኝ ግን የለም። ከሁሉም ሰው የጠየቁኝ የጓደኛዬ እናት ብቻ ናቸው። ከመጣሁ በነጋታው ሄጄ ቡና ተፈልቶ እስከ ምሽት አወራኋቸው። ሙሽራዋ ምን እንደለበሰች፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ልጃቸው ኬክ ሲቆርስ እጁ እንደተንቀጠቀጠ፣ ሽማግሌዎቹ ምን ብለው እንደመረቁ፣ መልሱ ላይ ወጡ በርበሬ እንዳነሰው ሳይቀር ነገርኳቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በስልክ ያላዩትን በእኔ ዓይን አዩ። ሚዜ ሆኜ የሄድኩት ለልጃቸው ነው፤ የተመለስኩት ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰው ይጠብቀኝ ስለነበረ ነው። 42 ተማሪ ያለበት ክፍል ስጨምርበት 43 ይሆናሉ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ «ምን አስመለሰህ» ለሚለኝ ሰው ይሄን ጽሑፍ ነው የምልክለት። «ሰርጉ እንዴት ነበር» ለሚለኝ ግን ቡና ከእኔ ነው፣ ፎቶም አሳያለሁ።

ሙሽሮቹ፣ ይሄን እንደምታነቡት አውቃለሁ። የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ። የተዋሰኩትን ከረባት በሚመጣ ሰው እልካለሁ።

የማትስማሙ አስተያየታችሁን ጻፉ፣ አነባለሁ። ስድብ ግን አጠፋለሁ፤ እዚህ ተማሪዎቼ አሉ።